ሁለታችን የሠራነው ሰውዬ

የመጀመሪያው ጽንስ የወረደብኝ በአምስተኛው ወር ነው። ምንም ሕመም አልነበረውም። የምሠራበት መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ለአንዲት እናት የሳል ሽሮፕ አወሳሰድ ሳስረዳ እግሬን ሞቅ ያለ ነገር ሲያርሰው ተሰማኝ። በማግስቱ እርጉዝ አልነበርኩም።

ለሁለተኛ ጊዜ ሳረግዝ ሐኪሜ የማህፀኔን በር በክር ሰፋችውና «እንግዲህ ሥራሽ መተኛት ነው» አለችኝ። ከመጸዳጃ ቤት በቀር የትም አልሄድም። አርባ ምንጭ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ፣ የተከራየናት ቤት ሁለት ክፍል ናት። ባለቤቴ አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠጋልኝ። ተጋድሜ የሚታየኝ የጎረቤታችን የማንጎ ዛፍ አናትና ከዚያ ባሻገር ትንሽ የሐይቅ ቁራጭ ነበር።

በዚያን ጊዜ ምን ያህል እፈራ እንደነበር ለማንም በትክክል ተናግሬ አላውቅም። ማስነጠስ እፈራለሁ። ሳቅ እፈራለሁ። ከአልጋ ስወርድ ግድግዳ ይዤ፣ እንደ አሮጊት ነው። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ከመነሳቴ በፊት ዓይኔን ጨፍኜ ትንሽ እቆያለሁ፤ ከዚያ ገልጬ ወደ ታች አያለሁ። ምንም ደም ከሌለ፣ እስከሚቀጥለው ድረስ ተርፌያለሁ ማለት ነው።

ባለቤቴ የመስኖ መሐንዲስ ነው። ሥራው ምዕራብ ዓባያ ስለሆነ የሚመጣው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነበር። ብቻዬን እንዳልሆን ከደጋው፣ ከገረሴ፣ ታላቅ እህቱን አስመጣልኝ። ባላቸው ከሞተባቸው የቆዩ፣ ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱ ሴት ናቸው። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና ቅቤ ተሸክመው ገቡና ገና ሳይቀመጡ ሆዴ ላይ እጃቸውን አድርገው በጋሞኛ ጸለዩ። እኔ የአርባ ምንጭ ልጅ ብሆንም ጋሞኛ የምሰማው ግማሽ በግማሽ ነው። አማርኛ የተማሩት ገበያ ላይ ስለነበር አንዳንዴ እኔንም ወንድ ያደርጉኛል። «ተኛ! አትነሳ!» ሲሉኝ መሳቅ ያምረኛል፤ ግን ሳቅም እፈራ ነበርና ዝም እላለሁ።

መጀመሪያ ላይ ብዙ የምናወራው አልነበረንም። ሰርጋችን ላይና ለቅሶ ላይ ካልሆነ ተገናኝተን አናውቅም። እሳቸው ከአልጋዬ ግርጌ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ፣ እኔ ጣራ አያለሁ። የቡላ ገንፎ ያበሉኛል፣ ሃላኮ፣ የሽፈራውን ቅጠል፣ ቀቅለው ያበሉኛል፣ ከዚያ ደግሞ ዝምታው ይመለሳል። ዝም ሲባል ደግሞ ሆዴን ማዳመጥ እጀምራለሁ። አሁን ተንቀሳቀሰ? ወይስ አንጀቴ ነው?

ባለቤቴ ተማሪ ሳለ የገዛው አሮጌ ላፕቶፕ ነበረን። ፊልሞቹን አይቼ ስጨርስ ጓደኞቹ የጫኑለትን አንድ ጌም አገኘሁ። ሥዕል የለውም። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ነጥቦቹ ወለል ናቸው፣ ሰረዞቹ ግድግዳ፣ ፊደሎቹ አውሬ። አንዲት ትንሽ ምልክት አለች፤ እሷ አንቺ ነሽ። ከምድር በታች ወዳለ ዋሻ ፎቅ በፎቅ ትወርጃለሽ። ዋሻው በተጀመረ ቁጥር ሌላ ነው፤ ትናንት ደረጃው የነበረበት ቦታ ዛሬ የለም። ከሞትሽ ደግሞ አለቀ፣ ካቆምሽበት መቀጠል የሚባል ነገር የለም።

የመጀመሪያዎቹን ሰዎቼን በፍጥነት ገደልኳቸው። ሁሉንም ጦረኛ አድርጌ፣ አንድ ሰው ሲሠራ የሚታደለውን የችሎታ ነጥብ በሙሉ ጉልበት ላይ አፍስሼ፣ ትልቅ ጎራዴ አስይዤ ነው የላክኳቸው። ጉልበት ያለው ሰው ይተርፋል ብዬ። አንዱን ክፍት አዳራሽ መሀል ላይ ቀበሮዎች ከበው ጨረሱት። አንዱ ረሀብ ሲጠናበት የቆየ ሥጋ በልቶ ሞተ። አንዱ ደግሞ ከቆሰለ በኋላ እንኳ ሳያርፍ ደረጃ ወረደ፤ እዚያው ከደረጃው ሥር ጠበቁት።

አንድ ቀን ከሰዓት የባለቤቴ እህት እንዝርታቸውን አስቀምጠው ጠጋ አሉ።

«ምኑ ላይ ነው እንዲህ የምታፈጥጪው?»

«ጌም ነው፣ እትዬ።»

«ይሄ ነጥቡ ምንድን ነው?»

«ወለል።»

«ፊደሉስ?»

«ቀበሮ ነው።»

«ቀበሮ!» ስክሪኑን በቅርበት አዩት። «ጅራቱ የታለ?»

ሳስረዳቸው ሳለ ቀበሮው ሰውዬዬን ነከሰው። ሌላ ቀበሮ ከኋላው መጣ። አንድ ቁልፍ ስጫን እነሱም አንድ እርምጃ ይጠጋሉ፤ ካልነካሁት ደግሞ ሁሉም ነገር ቆሞ ይጠብቃል። ትንሽ ቆይቶ ሰውዬው ሞተ።

«ተነሳ በዪዋ» አሉኝ።

«አይነሳም። እዚህ የሞተ አይነሳም። እንደ አዲስ ሌላ መሥራት ነው።»

ቀስ ብለው «አንቺ አሁን የሚያስፈልግሽ እንዲህ ያለ ነገር ነው?» አሉኝ።

ያሰብኩትን ነገርኳቸው። «ሌላ ነገር ሳደርግ የምፈራው ለራሴ ነው። ይህን ስጫወት የምፈራው ለእሱ ነው። ትንሽ ያሳርፈኛል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። በርጩማቸውን ወደ ትራሴ አስጠጉና «እንግዲያው በደንብ እንሥራው» አሉ።

ሁለታችን ሰውዬውን ስንሠራ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ጌሙ መጀመሪያ ዘሩን ይጠይቃል። ረጅምና ቀጭን፣ ደን ውስጥ የሚኖር አለ፤ ተራ ሰው አለ፤ ተራራ ቆፍሮ የሚኖር፣ አጭርና ደንዳና የሆነ አለ። ተራራ ሲሰሙ እትዬ «ደገኛ ነው! እሱን!» አሉ። እኔም ተስማማሁ፤ ያ ዘር በጨለማ ማየት ይችላልና። ከዚያ ሥራው መጣ። እኔ ጦረኛ አልኩ፣ እሳቸው ካህን። ካህኑ መሬት ላይ ወድቆ የሚያገኘውን ዕቃ ሲያይ የተረገመ መሆኑን ያውቃል ብዬ ስነግራቸው ክርክሩ አለቀ። ነጥብ ስናከፋፍል ግን ተጣላን።

«ጉልበት ከሌለው በምን ይመታል?» አልኩ።

«ይምታ አላልኩም፣ ይቆይ ነው ያልኩት። ሥጋ ጨምሪለት። ሲመታ የሚችል ሥጋ።»

በመጨረሻ ግማሹን ብርታት ላይ፣ የቀረውን ጉልበትና ብልሃት ላይ አደረግን። ጌሙ ሲጀምር አንድ ውሻ አብሮት ወጣ። እትዬ ውሻውን ሲያዩ ልባቸው ረጋ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቁርስ በኋላ እንከፍተዋለን። እኔ ቁልፉን እጫናለሁ፣ እንግሊዝኛውን እያነበብኩ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ይወስናሉ፣ ወይም ስወስን ይቆጣሉ። ቀስ እያልን መኖር ተማርን። አውሬ ሲመጣ ከአዳራሹ ወጥተን ጠባቡ ኮሪደር ውስጥ እንቆማለን፤ እዚያ አንድ በአንድ ካልሆነ መምጣት አይችሉም። ከሩቅ ካየነው ሳይደርስብን ድንጋይ እንወረውርበታለን። የማናውቀው ፊደል ካየን አንጠጋም። ስክሪኑ ሥር በቁጥር የሚታየው ጤናው ከግማሽ በታች ከወረደ መዋጋት የለም፤ ወደ ደረጃው ሸሽተን፣ ላይ ወጥተን፣ እስኪሞላ እናርፋለን። እንዲህ ዝም ብሎ ማረፍም ዋጋ አለው፤ ሰውዬው ይርበዋል፤ ተደብቆ ብቻ የሚኖርበት ስንቅ የለውም። ስለዚህ መውረድ አለብን። መውረዱን ሁለታችንም እንጠላው ነበር።

ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር፤ ይህን ያልተጫወተ ሰው አይገባውም። ስክሪኑ ላይ ያለው ነጥብና ሰረዝ ነው። ግን የተዘጋ በር ፊት ስንቆም፣ ከታች «ከሩቅ የሚንኳኳ ነገር ሰማህ» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ፣ እትዬ ክንዴን ይይዛሉ። «አትክፈቺ» ይላሉ። «ሌላ መንገድ የለም» እላለሁ። ቁልፉን እጫናለሁ።

አምስተኛው ፎቅ ላይ ጉንዳኖች አገኙን። ጉንዳን ስል ትንሽ እንዳይመስላችሁ፤ ከሰውዬው ሁለት እጥፍ ይፈጥናሉ፣ ቢሸሿቸው ይደርሳሉ። ውሻው አንዱን ያዘ፣ ሁለቱ እኛ ላይ መጡ። ጤናው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ከቦርሳው ውስጥ ምንነቱን የማናውቀው ቀይ ብልቃጥ ነበር።

«አጠጪው!» አሉ እትዬ።

«ምን እንደሆነ ሳላውቅ?»

«ከመሞት አይሻልም? ምናልባት መድኃኒት ነው!»

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ጽሑፍ የሌለው ጠርሙስ ሳይ ወደ ቆሻሻ እየጣልኩ ነው። እጄ እምቢ አለኝ። ደረጃው ሦስት እርምጃ ይቀር ነበር፤ ሰውዬው እየተነከሰ ሄደ፣ ወጣ። አንድ ጉንዳን ተከትሎ ወጣ፤ አንዱን ብቻውን መግደል ግን ቻልን። ሁለታችንም ላብ በላብ ሆነን ነበር። በማግስቱ ጤናው ሲሞላ፣ ደረጃው ላይ አቁመን፣ እትዬ ደስ ይበላቸው ብዬ ብልቃጡን አጠጣሁት። ስክሪኑ ላይ ወለሉም ግድግዳውም ጠፋ። የሰውዬው ዓይን ታውሯል። ለብዙ ጊዜ በጨለማው ውስጥ ቆመን፣ ውሻው አጠገባችን ይኖራል ብለን፣ ምንም ነገር እንዳይመጣ ጠበቅን። እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ እንደጫኑ ነበሩ።

መቼ እንደጀመረኝ አላውቅም። አንድ ጠዋት ሰውዬው በሕይወት እንዳለ አይቼ ላፕቶፑን ስዘጋ፣ ልቤ ውስጥ «እሱ ካለ እሷም አለች» የሚል ነገር አለፈ። በሆዴ ያለችው ሴት መሆኗን እንኳ አላውቅም ነበር፤ ብቻ እሷ እላት ነበር። ሐሳቡን ጨርሼ እንዳላስበው ወዲያው አባረርኩት። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ከዚያ በኋላ ጌሙ ጌም አልሆነም። ሆዴ የጠጠረ በመሰለኝ ቀን «ዛሬ ደክሞኛል» ብዬ አልከፍተውም። ከከፈትኩም ሰውዬውን ደረጃው አጠገብ አቁሜ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። እትዬም «እንውረድ» ማለት ትተው ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ባለቤቴ አንድ ቅዳሜ የመንገዱን አቧራ ሳይታጠብ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስክሪኑን አየና «ገና እዚህ ናችሁ? ትንሽ ደፈር በሉ እንጂ፣ ጌም ነው» አለ። እህቱ በጋሞኛ ተቆጡት። ምን እንዳሉት አልገባኝም፤ እሱ ግን ተነስቶ ወጣ።

ሰባተኛው ወር ከገባ በኋላ ነው። ከሰዓት ነበር፣ ሙቀቱ የበረታበት ሰዓት፤ መስኮቱን ከፍተን ነፋስ የለም። ስንቁ ስላለቀ መውረድ ግድ ሆነብን። አዲሱ ፎቅ ላይ አንድ የማናውቀው ፊደል ከአዳራሹ ጥግ ታየ። እንደ ልማዳችን ወደ ኋላ ተመልሰን ጠባቡ ኮሪደር ውስጥ ገባን። ጤናው ሙሉ ነበር ማለት ይቻላል። ውሻው ከኋላችን ነው። ሁሉም ነገር እንደተማርነው ነበር።

ፊደሉ አልቀረበም። ከኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ ቆሞ የአስማት በትር አነሳ። መብረቅ መጣ። ጠባብ ቦታ ነውና የምንሸሽበት ጎን የለም። መብረቁ አልፎን ሄዶ ከኋላ ያለውን ግድግዳ መታና ተመልሶ ደግሞ መጣ። አንድ ቁልፍ ነው የተጫንኩት። ስክሪኑ ላይ በሰረዝ የተሠራ የመቃብር ድንጋይ ወጣ።

እትዬ ስክሪኑን እያዩ ነበር፤ እኔ ሆዴን ይዤ ነበር። ምንም እንቅስቃሴ የለም። ጠበቅሁ። ምንም። ከዚያ ከጀርባዬ የተነሳ ነገር ዞሮ መጥቶ ሆዴን እንደ ድንጋይ አጠነከረው። ለቀቀኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያዘኝ።

«እትዬ» አልኩ።

ፊቴን ሲያዩ ገባቸው። «አትነሳ!» ብለው ጮኹብኝና በባዶ እግራቸው ወጡ። መኪና ያለው ጎረቤታችን መምህር ቤቱ ነበር። በጀርባዬ የኋላ ወንበር ላይ አስተኙኝ፤ ጭንቅላቴ እትዬ ጭን ላይ ነው። ከሴቻ ወደ ታችኛው ከተማ፣ ወደ ሲቀላ፣ የሚወርደው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። በእያንዳንዱ ኩርባ ክሩ ሲበጠስ ይታየኛል። መምህሩ በመስታወቱ እያየኝ «ደረስን፣ ደረስን» ይላል፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እግሬ እንዳይረጥብ ብቻ እየለመንኩ ነበር።

ሐኪሜ የምትሠራበት ክሊኒክ ስንደርስ ራሷ ተቀበለችኝ። የልብ ምት ማዳመጫ መሣሪያውን ሆዴ ላይ አድርጋ ትፈልግ ጀመር። እዚህ አደረገችው፣ ወዲያ አደረገችው። የሚሰማው ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ ብቻ ነው። ያን ጊዜ፣ አበቃ አልኩ። ሞታለች፤ እኔ ነኝ ኮሪደሩ ውስጥ ያስገባኋት። ከዚያ ድምፁ መጣ። ፈጣን፣ ቶሎ ቶሎ የሚረግጥ። ሐኪሟ መሣሪያውን ሳታነሳ ፊቴን አየችና እንድሰማው ተወችልኝ።

ክሩ አልተነካም ነበር። ሙቀትና የውሃ ማነስ ነው አለችኝ፤ ማህፀን አንዳንዴ እንዲህ ይኮማተራል። ግሉኮስ ተሰቀለልኝ፣ እዚያው አደርኩ።

ጠዋት እትዬ ሾርባ ሲያጠጡኝ ዝም ማለት አቃተኝ። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እንዳይስቁብኝ።»

«ተናገሪ።»

«ሰውዬው ሲሞት... እሷም የሞተች መስሎኝ ነበር። ከብዙ ጊዜ ጀምሮ እንደዚያ ነበር የማስበው።»

ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጡት። ይገሥጹኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ወደ በሩ አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔ ጸልዬለታለሁ» አሉ።

«ለማን?»

«ለሰውዬው ነዋ። በየጠዋቱ። አንቺ እንዳትሰሚ በጋሞኛ።» ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «ፓስተራችን ቢሰማ ምን ይለኛል? ለፊደል ጸለየች ይባላል።»

ያኔ ሳቅሁ። ለወራት ያልሳቅሁትን ሳቅሁ፤ ሆዴን በሁለት እጄ ደግፌ። እሳቸውም እያለቀሱ ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ከአንሶላው በላይ አደረጉና ቆዩ። «እሱ ኮምፒውተር ውስጥ ነው የሞተው» አሉ። «ይህቺ ግን እዚህ ናት። ይኸው፣ ረገጠችኝ።»

ቤት ከተመለስን በኋላ ላፕቶፑን ማየት አልፈለግሁም፤ ባለቤቴ ቁምሳጥን ላይ ሰቀለው። እትዬ ግን ጥጣቸውን እየፈተሉ ወደዚያ ቀና ማለታቸው አልቀረም። አንድ ጠዋት በርጩማ ላይ ቆመው ራሳቸው አወረዱት።

«ሌላ እንሥራ» አሉ። «የሞተ ቢሞት ምንም እንደማይሆን እንድታይ።»

ከፈትኩት። አዲሱን ሰውዬ ቀጭን ሌባ አደረግነው፤ እሳቸው ናቸው የመረጡት፣ ይሳቅ ብለው ይሁን አላውቅም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ኩሬ ውስጥ ገብቶ ሰጠመ። ሁለታችንም ወዲያው ሆዴን አየን። ትንሽ ቆይታ ዞረች፤ ክርኗ ይሁን ጉልበቷ ከቆዳዬ ሥር ሲያልፍ በዓይናችን አየነው። ከዚያ በኋላ ሰውዬዎቹን በየቀኑ ገደልናቸው። በጥንቃቄም በችኮላም። ወደ መጨረሻው ላይ እትዬ ያልታወቀ ብልቃጥ ባየን ቁጥር እንዲጠጣ ማዘዝ ጀመሩ።

መፍራቴን አልተውኩም። መጸዳጃ ቤት ዓይኔን መጨፈኔም እስከ መጨረሻው አልቀረም። ብቻ ሰውዬው ከልጄ ተለይቶ ነበር፤ ያ ለእኔ ብዙ ነው።

ከቀኗ ቀድማ ተወለደች። ትንሽ ነበረች፤ ጩኸቷ ግን የማዋለጃው ኮሪደር ድረስ ተሰምቶ ነርሶቹ ባለቤቴን እዚያ ተንበርክኮ አገኙት። እትዬ ገላዋን አጥበው፣ እኔን አርሰው፣ የገብሳቸው አጨዳ ሲደርስ ወደ ገረሴ ተመለሱ። ሲሄዱ ልጅቷን በጋሞኛ ብዙ ነገር አሏት። ከግማሽ በላይ ገባኝ።

ልጄን አቅፌ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚኒባስ ወደ ሲቀላ የወረድኩት ክትባት ላስከትባት ነው። በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ሹፌሩን «እባክህ ቀስ በል፣ ሕፃን ይዣለሁ» አልኩት። ረዳቱ ሳቀ። አጠገቤ የተቀመጠች ሙዝ የጫነች ሴት ግን «ቀስ በል ተብለሃል!» ብላ ሹፌሩ ላይ ጮኸችና እጇን ከፊታችን ዘርግታ የወንበሩን ብረት ያዘች፤ ልጄ እንዳትናወጥ። እስክንደርስ ድረስ እጇን አላነሳችም። ልጄ ተኝታ ነበር።